ማሚቶ የያዘው ድምፅ

ማንኪያው አየር ላይ ቀርቷል፣ ሾርባው እየተንጠባጠበ የማሚቶን ደረት ያርሰዋል፣ የምታበላው እሷ አታይም፣ ምን ነበር አሁን ያለው፣ ማንም አይመጣልህም ነው ያለው? ማንም አይመጣልህም፣ እህትህንም ሰልችተሃታል፣ እዚሁ ነው የምትቀራት፣ ዝም በል። አዎ፣ እንዲሁ ነው ያለው፣ ቃል በቃል። በሹክሹክታ፣ ጆሮ ስር እንደሚነገር ምስጢር፣ ቁጣ የለበት፣ ጩኸት የለበት፣ እንዲያውም የሚያባብል ይመስላል፣ እሱ ነው የባሰው፣ የሚያባብል መምሰሉ። ከጀርባዋ ሰሃን አጣቢዋ ቧንቧውን ትዘጋለች፣ ማሚቶም ዝም ይላል፣ ምንም እንዳልተናገረ ሁሉ አፉን እንደ ጫጩት ከፍቶ ማንኪያውን ያያል። ስድሳ ስድስት ዓመቱ ነው። ጥርስ የለውም።

ሌላ፣ ይላል።

ይሄኛው የራሱ ነው፣ ሌላ የሚለው። የማሚቶ የራሱ ቃል ሁለት ብቻ ነው፣ ሲርበው ሌላ፣ ሲጠግብ እ። የቀረው ሁሉ የሰው ነው። የሰማውን፣ የትናንት ይሁን የዛሬ አርባ ዓመት፣ ከነሳሉ ከነትንፋሹ መልሶ ያወጣዋል፣ ለዚህ ነው ገደል ማሚቶ ያሉት፣ ኋላ ገደሉ ቀረና ማሚቶ ብቻ ሆነ። አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ስታበላው፣ ስታጥበው፣ ስታለብሰው ከሌላ ሰው ድምፅ ጋር ኖራለች። በዚህ ቤት የሚኖሩት ሁሉ እንደሱ ናቸው፣ ሰውነታቸው አርጅቶ ልባቸው ሕፃን የቀረ፣ እናት አባቶቻቸው አንድ በአንድ ሞተውባቸው የሚይዛቸው የጠፋ፣ በሩ ላይ የተለጠፈው ሰሌዳ የአእምሮ እድገት ውስንነት ያለባቸው አረጋውያን መንከባከቢያ ይላል፣ ሠራተኛው ግን ቤቱ ነው የሚለው፣ ቤቱ ገባሁ፣ ቤቱ ወጣሁ። በሪፖርት ላይ አንቱ ይባላሉ። ሻወር ቤት ውስጥ አንተ።

ግን እንዲህ ያለ ነገር ብሎ አያውቅም። የድሮ ሬዲዮ ዜና ያነባል፣ ስለ መንገድ መዘጋት፣ መንገዱ ከተከፈተ ስንት ዘመኑ። የሆነ የትምህርት ቤት ዘበኛ አለ፣ ውጣ ከዚህ የሚል፣ ከየት እንደሰማው የማይታወቅ። ባለፈው ዓመት ደግሞ፣ መስኮቱ ስር የምትተኛው ባልቴት የሞተች ሰሞን፣ እሷ ራሷ እጇን ይዛት ነው የሞተችው፣ ከሳምንት በኋላ በኮሪደሩ ስታልፍ፣ ልጄ ውሃ፣ ትንሽ ውሃ ልጄ፣ አለች ባልቴቷ፣ እሷም መጣሁ ብላ ብርጭቆ ሙሉ ቀድታ ወደ አልጋው ሄደች። አልጋው ባዶ። ፍራሹ ተጠቅልሎ ቆሟል። ቆሌዋ ተገፎ ብርጭቆውን እንደያዘች ደርቃ ስትቀር፣ ማሚቶ በሩ አጠገብ ተቀምጦ ከንፈሩን በእጅጌው ይጠርጋል። ይሄን ለእናቷ ስትነግራት እናቷ በሳቅ ሞተች፣ እንግዲህ እኔንም አንድ ቀን ውሰጂኝና ያውራኝ፣ ድምፄ መና እንዳይቀር፣ አለች። ሳትወስዳት ቀረች። እናቷም ከሞተች ስምንት ወሯ፣ ድምፅዋም ስምንት ወሩ።

ተይ፣ አሁን እሱን ተይው። አሁን ያለው ይሄ ነው፣ አንድ ሰው ማሚቶን እንዲህ ብሎታል። እዚህ ቤት፣ ከዚሁ ኮሪደር። እህትህንም ሰልችተሃታል። እህት እንዳለችው የሚያውቅ ሰው።

በማግስቱ ታውቀዋለች መቼ እንደሚመጣ። ውሃ ነው። ቧንቧ ሲከፈት፣ መጸዳጃ ቤት ሲለቀቅ፣ ጽዳት ሠራተኛዋ ባልዲ ስትሞላ፣ ማሚቶ አንገቱን ወደ ትከሻው ያዘነብልና፣ ማንም አይመጣልህም። የውሃ ድምፅ ማለት ሻወር ቤት ማለት ነው፣ ሻወር ቤት ማለት ደግሞ ሁለት ሰው ነው፣ በዚህ ኮሪደር የሚያጥቡት ሁለት ናቸው፣ አንዷ እሷ ናት፣ ሌላው ረጅሙ። ረጅሙ! ማን ያምናል። ድሮ የጭነት መኪና ሾፌር የነበረ፣ አርባ ሦስት ዓመት የሞላው፣ በየበሩ ጎንበስ እያለ የሚገባ፣ ምሳ ሰዓት ላይ ለእናቱ ስልክ ደውሎ ድምፁን ከፍ አድርጎ፣ እማ፣ ሰላም በያቸው፣ የሚልና ቤቱ ሙሉ እማ እያለ የሚጮህለት። ደግ ነው። ደግ ይመስላል። ሰው ምን አለው፣ በሩ ሲዘጋ ማን ያየዋል፣ ውሃው ሲፈስ ማን ይሰማዋል፣ እንዲህ ያለውንም አይተናል፣ ስቆ የሚገድል።

ለማረጋገጥ ቧንቧ ትከፍታለች። ይሄን ለማንም አትናገርም፣ ግን ትከፍታለች፣ ከምሳ በኋላ ማሚቶን ክንዱን ይዛ ወደ ማጠቢያው ትወስደዋለች፣ ውሃውን ትለቃለች፣ ጆሮዋን አፉ ላይ ትደቅናለች። ማንም አይመጣልህም። አንዴ። እህትህንም ሰልችተሃታል። ሁለቴ። ሹክሹክታ ወንድም ሴትም የለውም፣ ሹክሹክታ ትንፋሽ ብቻ ነው፣ የረጅሙን ትንፋሽ ፈልጋ ታጣዋለች፣ ይሄ እሱ ነው ትላለች፣ ደግሞ አይደለም ትላለች፣ ደግሞ ትከፍታለች። የሚያሳቅቀው ነገር፣ ማሚቶ ይሄን ሲል ወደ ሌላ አያይም። በሌላው ድምፅ ሁሉ ዓይኑ ጣራ ላይ ይሄዳል። በዚህኛው የሷን አፍ ነው የሚያየው። ሳይነቅል። እየነገረኝ ነው፣ ትላለች ለራሷ፣ አድኚኝ እያለኝ ነው፣ አይዞህ የኔ ጌታ፣ አገኘዋለሁ፣ ማንም ይሁን አልለቀውም። ብርድ ብርድ ይላታል፣ ምን ሆነሽ ነው አንቺ ሴትዮ፣ ሹራብ ደርቢ።

እና ጻፈች። በቆንጆ እጅ ጽሕፈት። ጉዳዩ፣ የቃል ጥቃትን ይመለከታል። ከላይ የተጠቀሱት ተረጂ የውሃ ድምፅ በሰሙ ቁጥር ከዚህ በታች የተዘረዘሩትን አስነዋሪ ቃላት በተደጋጋሚ የሚያሰሙ በመሆኑ፣ ይህም በገላ ማጠቢያ ክፍል ውስጥ የተፈጸመ መሆኑን የሚያመላክት በመሆኑ፣ በመሆኑም። ስም አልጠቀሰችም። መጥቀስም አያስፈልግም፣ ሁለት ነን፣ ጻፊዋ አንዷ ነኝ፣ የቀረው አንድ ነው። የቤቱ ኃላፊ አንብባ ስትጨርስ መነጽሯን አወለቀች፣ አመሰግናለሁ፣ አንቺ ባትኖሪ ይሄ ቤት ምን ይሆን ነበር፣ አለች። በዚያው ቀን ረጅሙን ጉዳዩ እስኪጣራ ቤትህ ቆይ አሉት። የሥራ ጫማውን በፌስታል አንጠልጥሎ በኮሪደሩ ሲወጣ አገኘችው። እህት ዓለም፣ እኔ እንዲህ ብዬዋለሁ? አላት። ቁጣ የለም። ጥያቄ ነው፣ የምር ጥያቄ፣ መልሱን እሷ እንደምታውቅ አድርጎ። ልብህ ያውቀዋል፣ አለችው። ልብህ ያውቀዋል። ምነው አፏን በቆረጠው።

ይሄ ምኞት ያኔ አልነበረም፣ አሁን ነው እንዲህ የምትለው። ያኔ ደረቷን ነፍታ ነው የተመለሰችው።

ዛሬ ሐሙስ ነው። ሐሙስ የማሚቶ እህት ትመጣለች፣ ሰባ ሦስት ዓመቷ፣ ዕድሜዋን ሙሉ ልብስ ሰፊ፣ ሁለት አውቶቡስ ቀይራ፣ ጣቶቿ እንደ ዝንጅብል ተጣመው፣ ብርቱካን በከረጢት ይዛ። ወንድሟ ፊት ትቀመጥና አንዱን ቁራጭ ጨርቅ ከቦርሳዋ አውጥታ በሁለት እጇ ጧ አድርጋ ታራግፈዋለች፣ ሰው የታጠበ ልብስ ከማስጣቱ በፊት እንደሚያራግፈው፣ ማሚቶም ቀና ይላል። ልጆች፣ ግቡ፣ ዝናብ መጣ። የሴት ድምፅ ነው። ክፍት፣ ከጓሮ የሚጣራ፣ እጁ በሥራ የተያዘ ሰው ድምፅ። ከአሥራ ዘጠኝ ዓመት በፊት የሞተች እናታቸው። ልብስ ሰፊዋ ዓይኗን ጨፍና ትሰማለች፣ አቤት እማዬ፣ መጣን፣ ትላለች፣ በሰባ ሦስት ዓመቷ። ለዚህ ነው የምትመጣው፣ ደብቃም አታውቅም፣ ወንድሜንም ላይ፣ እማዬንም ልሰማ፣ ትላለች። እሷ በር ላይ ቆማ ታያለች፣ ስምንት ወር ሙሉ በየሐሙሱ በሆነ ምክንያት እዚህ በር ላይ ትቆማለች፣ አንሶላ ይዛ፣ መድኃኒት ይዛ፣ ምንም ሳትይዝ፣ የሰው እናት ትሰማለች።

ልብስ ሰፊዋ ብርቱካን ልጣ ለወንድሟ አጉርሳ ስትጨርስ እጇን ልትታጠብ ወደ ማጠቢያው ትነሳለች።

አትክፈቺው፣ እትዬ፣ ማለት ነበረባት። አሰበችውም። ግን ደግሞ ትስማ፣ ትወቅ፣ ወንድሟን ምን እንዳሉት የማወቅ መብት አላት፣ ያገኘሁላትም እኔ ነኝ፣ ይሄንንም አሰበች፣ አፍራ ታምናለች፣ ይሄንንም አሰበች። ልብስ ሰፊዋ ቧንቧውን ትከፍታለች። ጣቶቿ አይታዘዟትም፣ ሳሙናው ያመልጣታል፣ ትፈልገዋለች፣ ውሃው ይፈሳል፣ ከሌላው ቀን ሁሉ ይልቅ ይፈሳል፣ እና ማሚቶ ከመሃል አይጀምርም። ከመጀመሪያው ይጀምራል።

ና የኔ ጌታ። ቀኝ ክንድ። ግራ ክንድ። ኧረ ሞቃት ነው፣ አትንቀጥቀጥብኝ።

በሹክሹክታ አይደለም። በሙሉ ድምፅ። እሷ አታውቀውም ይሄን ድምፅ፣ ቀጠን ያለ፣ በአፍንጫ የሚወጣ፣ መጨረሻው ላይ ወደ ላይ የሚነሳ፣ አንዴ የሥራ ባልደረባዋ በስልክ ቀድታት ስታሰማት፣ ማናት ይቺ ጉንፋን የያዛት ብላ ጠይቃ ሁሉም የሳቁባት፣ ያ ድምፅ ይሆን፣ ተይ፣ ተይ፣ ማሚቶ አሁን ያለቅሳል፣ የገዛ ራሱን ለቅሶ ያለቅሳል፣ የሆነ ቀን ያለቀሰውን፣ ዓይኑ ደረቅ ነው ግን ያለቅሳል፣ ከለቅሶው ላይ ቀጭኗ ድምፅ ትወጣለች፣ ዝም በል አልኩህ፣ ዝም፣ ከዚያ ረጅም ትንፋሽ፣ እፍፍ፣ ከዚያ ድምፁ እየወረደ፣ እየወረደ፣ እናቴን ቀብሬ በሦስተኛው ቀን ነው የመጣሁት፣ ይገባሃል? ምን ይገባሃል አንተ። ከዚያ ሹክሹክታው። ማንም አይመጣልህም። እህትህንም ሰልችተሃታል። እዚሁ ነው የምትቀራት። ዝም በል።

ውሃው ይፈሳል። የሚዘጋው የለም።

የረጅሙ እናት በሕይወት አሉ። ያሰበችው የመጀመሪያ ነገር ይሄ ነው፣ ምን ዓይነት ሐሳብ ነው፣ የረጅሙ እናት እኮ አሉ፣ ቤትህ ቆይ እስኪባል ድረስ በየምሳው ሰላም በያቸው ሲላቸው ነበር።

ልብስ ሰፊዋ በእርጥብ እጇ ቆማለች። አትጮህም። ምነው በጮኸች። እናትሽ መቼ ነበር ያረፉት ያልሽኝ፣ ልጄ?

ስምንት ወር ሆናቸው።

እሺ፣ ትላለች ልብስ ሰፊዋ። እሺ።

አላስታውስም፣ ትላለች እሷ፣ ጮክ ብላ ይሁን በልቧ አታውቅም። እንፋሎቱን ታስታውሳለች። ነጩን ሸክላ ግድግዳ። ሳሙና ወድቆ ሲሽከረከር። ጉልበቷ መሬት ላይ፣ የማሚቶ እግር በእጇ፣ ተረከዙ ስንጥቅጥቅ ያለ፣ እየጮኸ፣ እየጮኸ፣ ጩኸቱ ጭንቅላቷ ውስጥ ገብቶ፣ ሌላ ሰው አልነበረም፣ ፈቃድ ሦስት ቀን ነው ያሉት፣ ሦስቱ አለቁ፣ ይሄን ሁሉ ታስታውሳለች፣ አፏን ብቻ አታስታውስም። አፏ እዚያ ቀን ላይ የለም። ከዚያ ፎጣ ታስታውሳለች፣ ጀርባውን ስታደርቅለት፣ የኔ ጌታ ስትለው። አንዴ ነው? አንዴ ከሆነ አንዴ ነው። ማሚቶ አንዴ የሰማውን ሃምሳ ዓመት ይይዛል፣ ያ የሬዲዮ ዜናም አንዴ ብቻ ነው የተነበበው። ወይስ። ወይስ ብዙ ጊዜ ነው። ወይስ በየሳምንቱ፣ በየጠዋቱ፣ ውሃው ሲከፈት ሌላ ሴትዮ በሷ ጉሮሮ ገብታ ተናግራ ስትወጣ፣ እሷ ፎጣውን እያጠፈች። ለምን ነበር አፌን የሚያየው። አድኚኝ አይደለም። ኧረ አይደለም። መቼ ትጀምራለች እያለ ነው።

አሁን የሚሆነውን ግን አልጠበቀችም። ልብስ ሰፊዋ ቧንቧውን በሁለት እጇ አጥብቃ ትዘጋለች፣ ትመጣለች፣ እርጥብ በሆነ እጇ እጇን ትይዛታለች። እኔ ምንም አልሰማሁም ልጄ፣ ጆሮዬ ደክሟል። አንቺ ደግ ነሽ። ሁልጊዜም ለሰው ሁሉ የምናገረው ነው፣ ደግ ናት እላለሁ። እኔ ዛሬ ነገ የምል ሰው ነኝ፣ እኔ ስሄድ ካንቺ በቀር ማን አለው። አይደል? እንዳትቀየሚው። እሱ አያውቅም፣ ዝም ብሎ ነው የሚለው፣ እንዳትቀየሚው እሺ? እና ከከረጢቱ ትልቁን ብርቱካን መርጣ በእጇ ታስጨብጣታለች፣ ጣቶቿን አንድ በአንድ እያጠፈች ታስጨብጣታለች፣ ፈገግ ትላለች።

ፈርታኛለች። ይቺ እናቴን የምታክል ሴትዮ ፈርታኛለች። ጉቦ ነው የምትሰጠኝ። ወንድሟን እንዳልጎዳባት።

ብርቱካኗን እንደያዘች ኮሪደሩ ላይ ትወጣለች። ስምንተኛው በር፣ ሰባተኛው በር፣ ከየበሩ ሰላም ይሏታል፣ እህት፣ እህት፣ አንዱ እጁን ይዘረጋል፣ አንዷ አሻንጉሊቷን ታሳያታለች፣ ሌላ ጊዜ ትስመዋለች አሻንጉሊቱን፣ ዛሬ አትነካውም፣ ዛሬ እነዚህ ሁሉ ሰዎች አፏን የሚያዩ ይመስላታል። እነዚህ ደግሞ ማሚቶ አይደሉም፣ የሰሙትን የማያወጡ ናቸው። እነሱ ምን ይዘው ይሆን? ስድስተኛው በር። ማን ያውቃል አሁን? አንዲት አሮጊት፣ እሷም አልሰማሁም ብላለች። ማሚቶ ነገም ይለዋል፣ ይበል፣ ጉዳዩ እኮ አለቀለት፣ ረጅሙን ሰኞ ጠርተው ያሰናብቱታል፣ እኔም ከእንግዲህ፣ ከእንግዲህ ደግሞ አልልም፣ አላልኩም እንኳን፣ የማላስታውሰውን እንዴት አልኩ እላለሁ? አየሽ፣ አሁን ማነው የሚያወራው? ይሄ ድምፅ የማነው? የሚያባብል ነው። ቁጣ የለበትም። ታውቂዋለሽ።

የኃላፊዋን በር ሳታንኳኳ ትከፍተዋለች።

እኔ ነኝ።

ምን አንቺ ነሽ? ኃላፊዋ ቀና ትላለች። ብርቱካን ነው? ግቢ፣ ተቀመጪ፣ ፊትሽ አመድ መስሏል።

ማሚቶን እንዲያ ያልኩት እኔ ነኝ። ረጅሙ አይደለም።

ትነግራታለች። ሲነገር አጭር ነው፣ ሁለት ደቂቃ አይሞላም። ኃላፊዋ እስክሪብቶዋን ከፍታ ትዘጋለች፣ ከፍታ ትዘጋለች። ደክሞሻል፣ ትላለች። ሐዘን ላይ ነሽ፣ ሐዘን ሰውን ያላደረገውን አደረግሁ ያሰኘዋል፣ ሪፖርቱ ደግሞ በላይ አካል እጅ ገብቷል፣ ጭራሽ አሁን ብንመልሰው ቤቱን ነው የምናስዘጋው። ደግሞስ በማሚቶ አፍ ሰው ይከሰሳል እንዴ?

ረጅሙን እኮ በማሚቶ አፍ ነው የከሰስነው።

ኃላፊዋ ክፉ ሰው አይደለችም፣ እሷም ሐዘን የሚመስል ነገር ፊቷ ላይ አለ፣ መሳቢያዋን ስባ ነጭ ወረቀት ታወጣለች፣ ጠረጴዛው ላይ ትገፋላታለች፣ በራስሽ እጅ ጻፊው፣ ትላለች፣ በኔ ቃል አይሁን። እሷም ትጽፋለች፣ ከላይ የተጠቀሱት ተረጂ፣ ብላ ጀምራ ትሰርዘዋለች። በመሆኑም አይገባበትም እዚህ። ማሚቶን እያጠብኩት ሳለ ማንም አይመጣልህም አልኩት። ስንት ጊዜ እንዳልኩት አላውቅም። ያልኩት እኔ ነኝ። ስሟን ትጽፋለች። እጅ ጽሕፈቷ የሌላ ሰው ይመስላል።

ከዚያ የሆነው ሆነ። አላባረሯትም፣ ያባርሩኝ ብላ ነበር በልቧ፣ ማባረር ይቀላል። ሁለት ወር ተረጂ እንዳትነካ፣ ልብስ ማጠቢያ ክፍል፣ ከዚያ በኋላ ደግሞ ይታያል። ከእንግዲህ በዚህ ቤት ማንም ብቻውን አያጥብም፣ ሁልጊዜ ሁለት ሰው፣ ይሄም በጽሑፍ ወጣ፣ ሠራተኛው አጉረመረመ፣ ባንቺ ጦስ ጀርባችን ሊሰበር ነው አላት አንዱ፣ እውነቱን ነው። ልብስ ሰፊዋ በደብዳቤ ተነገራት። ሁለት ሐሙስ ቀረች። በሦስተኛው መጣች፣ ልብስ ማጠቢያው በር ላይ ቆመች፣ በማሽኑ ጩኸት መሃል፣ አሁንም እፈራሻለሁ ልጄ፣ ልዋሽሽ አልችልም፣ ግን ነገሩን ባትናገሪ ኖሮ ከነፍርሃቴ ብርቱካን ስልጥልሽ ልኖር ነበር፣ አለች። ከዚያ ወደ ወንድሟ ሄደች።

ረጅሙ የተመለሰ ቀን የቆሸሸ አንሶላ በቅርጫት ተሸክሞ ጎንበስ ብሎ ይገባል። እሷ ትነሳለች። ይቅር በለኝ የሚለውን አሥራ አምስት ቀን ስትለማመደው ከርማለች፣ በአሥራ አምስት ዓይነት ድምፅ፣ አሁን አንዱም አይመጣላትም። ቅርጫቱን ያወርዳል። መጀመሪያ ተናድጄ ነበር፣ ይላል፣ ሦስት አራት ቀን። ከዚያ ልብህ ያውቀዋል ያልሽኝ ነገር ገባብኝ። ቁጭ ብዬ አስባለሁ፣ ብዬው ይሆን እንዴ? ደክሞኝ የነበረ ቀን የለም? ሞልቷል። የተበሳጨሁበት ቀን የለም? ሞልቷል። ለእናቴ ነገርኳት፣ አንተ እንዲህ አይወጣህም አለችኝ፣ እኔ ግን ድምፄን እሰማዋለሁ። በራሴ ድምፅ። ማንም አይመጣልህም ስለው፣ ሻወሩን ከፍቼ፣ ጥርት ብሎ ይታየኛል። ሰኞ ብትጠሩኝ አዎ ብዬ ልፈርም ነበር እኮ።

ማሽኑ ይዞራል። በማሽኑ ክብ መስታወት ውስጥ የማሚቶ ካኒቴራ እጁን እያወራጨ ያልፋል፣ ይመለሳል።

አላልከውም፣ ትለዋለች።

አሁንማ አውቃለሁ፣ ይላል ረጅሙ። ማወቁንስ አውቃለሁ። አልወጣልኝም እንጂ።

ይሄንንም እሷ ናት የከተተችበት። በአንዱ አፍ ውስጥ፣ በሌላው ራስ ውስጥ። ይቅር በለኝ ትላለች በመጨረሻ፣ ከአሥራ አምስቱ አንዱንም በማይመስል ድምፅ፣ እሱም ይቅር አልኩሽ አይልም፣ አልልም አይልም፣ ባዶውን ቅርጫት አንስቶ፣ ሁለት ወሩ ሲያልቅ ከኔ ጋር ነሽ፣ እኔ ጠይቄያለሁ፣ ይላልና ጎንበስ ብሎ ይወጣል።

ከሱ ጋር ናት። ሁለት ወሩ አልቋል፣ ጠዋት ነው፣ ሻወር ቤቱ በሩ ገርበብ ብሏል፣ ረጅሙ ማሚቶን ወንበሩ ላይ አስቀምጦ በእጅ ሻወሩ ጀርባውን ያጥበዋል፣ የእሷ ሥራ ፎጣ መያዝ ነው፣ ፎጣ ብቻ። ከማሞቂያው ላይ ነው ያነሳችው፣ ሙቀቱ መዳፏን ያቃጥላል። ውሃው ይወርዳል። ትጠብቃለች። ማሚቶ ግን ምንም አይልም፣ ዘበኛውም የለም፣ ሬዲዮውም የለም፣ ውሃ ከአገጩ እየወረደ ያያታል፣ አፏን፣ ሳይነቅል።

አንድ ነገር በይ። ዝም ካልሽ ዝምታሽንም ይይዘዋል። ምን ልበል? ምንም የምለው ነገር ይቀራል፣ እኔ ሞቼ ይቀራል፣ አንድ ሐሙስ ሰው ሊጠይቀው መጥቶ እኔን ይሰማል፣ ማናት ይላል፣ ደግ ነበረች እንዴ ይላል። ይቅርታ ልበለው? ይቅርታ ለማነው፣ ለሱ ነው ለኔ? ከዚህ በፊት የኔ ጌታ ብዬዋለሁ፣ የኔ ጌታ ከዚያኛው ጋር ተሰፍቷል፣ አይነሳም። ረጅሙ ውሃውን ይዘጋል። ቧንቧው አንዴ ይንጠባጠባል፣ ይቆማል። ጨርሰናል፣ ይላል ረጅሙ፣ ለሷ፣ ቀስ ብሎ፣ ገለል እያለላት።

ፎጣው ሞቃት ነው፣ ትላለች። ከፈለግክ አለብስሃለሁ።

ቀጭን ነው ድምፅዋ። በአፍንጫ የሚወጣ፣ መጨረሻው ላይ ወደ ላይ የሚነሳ። ትሰማዋለች፣ ልክ እንደዚህ ነው እንግዲህ፣ ይቺ ናት።

ማሚቶ ሁለቱን እጁን ደረቱ ላይ አጣምሮ ይጨብጣል። ክንዱን አይሰጣትም። ረጅሙ ሊረዳት ይንቀሳቀሳል፣ በዓይኗ ትከለክለዋለች። መብቱ ነው። እርጥብ ትከሻው ይንቀጠቀጣል፣ በኋላ ረጅሙ ያደርቀዋል፣ አሁን ግን ትንሽ ትቁም፣ እጇን እንደዘረጋች ትቁም፣ ፎጣው መዳፏ ላይ ቀስ እያለ ይቀዘቅዛል፣ ይቀዝቅዝ፣ ሌላ አለ፣ ማሞቂያው ላይ ሌላ አለ፣ ትጠብቃለች።